ማን ማንን እንደያዘ እዩ

ልጆቼ፣

የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «የካንሰር መድኃኒት መሥራት እፈልጋለሁ፤ ምን ልማር?» ፋርማሲ ይሁን ባዮኬሚስትሪ? ሕክምና ይሻላል ወይስ ኮምፒውተር? አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የምትጽፉት አስታማሚ ሆናችሁ ሆስፒታል ተቀምጣችሁ ነው። ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ቤታችሁ ገብቷል። ለእናንተ ሐኪማችሁ ከሚላችሁ የተሻለ የምለው የለኝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት የፕሮቲኖችን ቅርጽ በማየት ነው።

ስለዚህ በማውቀው ልምከራችሁ። ሉኪሚያን ለመረዳት ስትነሱ «ጥፋተኛው ፕሮቲን የትኛው ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ይሄ ፕሮቲን ማንን ይዟል? በየት በኩል ያዘው?» ብላችሁ ጀምሩ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ነው። ለስብሰባ መክፈቻ ንግግር አይሆንም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ መድኃኒቶች ግን የተገኙት እሱን በጠየቁ ሰዎች ነው።

ሴል ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ፕሮቲን ብርቅ ነው። አንዱ ሌላውን ይይዛል፤ ሁለቱ ተያይዘው ሦስተኛውን ይጠራሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ጥምረቱ ነው። ብዙ የሉኪሚያ ዓይነቶች የሚጀምሩት ደግሞ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ሲጠገኑ ቁራጫቸውን ሲለዋወጡ ነው። እንዲህ ሲሆን ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ የሁለት ጂኖች ቁራጮች ይገጣጠማሉ። ከነሱ የሚወጣው ፕሮቲን ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ነው። መያዝ የሌለበትን ይይዛል፤ ወይ ደግሞ የሚያስተኛው ነገር ከላዩ ላይ ይቆረጣል።

መጀመሪያ የታወቀውን ላንሳ። በ1960 ፊላዴልፊያ ውስጥ ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ሲኤምኤል በሚባለው ሥር የሰደደ ሉኪሚያ የታመሙ ሰዎች የደም ሴል ውስጥ ከልኩ ያነሰ ክሮሞዞም አዩ። በከተማው ስም ፊላዴልፊያ ክሮሞዞም ተባለ። ከየት እንደመጣ ግን ለ13 ዓመት ሳይታወቅ ቆየ። ቺካጎ ውስጥ ጃኔት ራውሊ የምትባል ሐኪም የክሮሞዞም ፎቶዎችን በመቀስ እየቆረጠች ቤቷ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ታስተያይ ነበር። ልጆቿ «እማዬ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች» እያሉ ይስቁባት ነበር ይባላል። በ1973 መልሱን አሳተመች፦ ክሮሞዞም 9 እና ክሮሞዞም 22 ጫፍ ለጫፍ ተለዋውጠዋል። ዘመናዊ መሣሪያ የለንም ብላችሁ ስታማርሩ ያ ጠረጴዛ ትዝ ይለኛል። በእርግጥ ፎቶውን ያነሳው ማይክሮስኮፕ ጥሩ ነበር፤ እሱንም መዘንጋት የለበትም።

ከዚያ ልውውጥ የተወለደው ፕሮቲን ቢሲአር-ኤብል ይባላል። ኤብል ካይኔዝ ነው። ካይኔዝ ማለት ፎስፌት እየወሰደ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ የሚለጥፍ ነው፤ ያ ፎስፌት ለሴሉ «ሥራ፣ ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ላይም ኤብል አለ። ታዲያ ለምን ዝም ይላል? መልሱ በ2003 ከቅርጹ ተገኘ። የኤብል መነሻ ጫፍ ላይ ሚሪስቴት የሚባል ቅባት ተለጥፏል። ጫፉ ታጥፎ ይመጣና ቅባቱ የካይኔዙ ጀርባ ላይ ያለ ኪስ ውስጥ ይገባል። እዚያ እስካለ ድረስ ፕሮቲኑ ተጣጥፎ ይተኛል።

አሁን ልውውጡን አስቡት። ቢሲአር የሚገጠመው ልክ በዚያ መነሻ ጫፍ በኩል ነው። ቅባት ያለው ጫፍ ይቆረጣል፤ ኪሱ ባዶውን ይቀራል። በዚያ ላይ የቢሲአር መነሻ የተጠማዘዘ ሄሊክስ ነው፤ የራሱን ቢጤ ያገኘ እንደሆነ ይጠመጠምበታል። አራት ሆነው ይያያዛሉ። አራት ኤብሎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ እርስ በርሳቸው ፎስፌት ይለጣጠፉና አይተኙም። ልብ በሉ፤ የኤብል ኬሚስትሪ አልተነካም። የተለወጠው ማን ማንን እንደያዘ ነው።

ኢማቲኒብ የሚባለውን መድኃኒት ብዙዎቻችሁ ግሊቬክ በሚለው የንግድ ስሙ ታውቁታላችሁ። በስዊዘርላንዱ ሲባ-ጋይጊ፣ በኋላ ኖቫርቲስ በሆነው ኩባንያ፣ ኒኮላስ ላይደንና ባልደረቦቹ ሠሩት። ኦሪገን ውስጥ ብራያን ድሩከር ወደ በሽተኛው አደረሰው። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጆን ኩሪያን ላቦራቶሪ መድኃኒቱ ኤብል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ በራጅ ክሪስታሎግራፊ፣ ማለትም ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርጎ ቅርጹን በራጅ በማየት፣ አሳይቶ ነበር። ሰዉን የገረመው መድኃኒቱ የሚገባው ካይኔዙ በተኛበት ቅርጽ ላይ መሆኑ ነው። ካይኔዞች ሲነቁ ይመሳሰላሉ፤ አተኛኘታቸው ግን ይለያያል። መድኃኒቱ ኤብልን ከዘመዶቹ የሚለየው በአተኛኘቱ ነው።

ይሄ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢማቲኒብ ማክስ ፋውንዴሽን በሚያስተባብረው የእርዳታ ፕሮግራም በኩል ጥቁር አንበሳ ለሚታከሙ የሲኤምኤል ሕመምተኞች በነጻ ሲሰጥ ኖሯል። ክኒኑን በየቀኑ የሚውጥ ሰው በሰፈራችሁ ሊኖር ይችላል። ያ ክኒን የሚገባበትን ኪስ ማንም ተማሪ ከፍቶ ማየት እንደሚችል ግን የሚነግራችሁ መምህር ስንት ነው?

መድኃኒቱ አንዳንዱ ላይ መሥራት ያቆማል። ምክንያቱን በ2001 የቻርለስ ሶየርስ ቡድን አሳየ። እዚህ ላይ ቀረብ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። በኤብል 315ኛ ቦታ ላይ ትሪዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ትሪዮኒን ጫፉ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አለው፤ ከኢማቲኒብ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛል። በሚውቴሽን አይሶሉሲን ሲተካው ያ ትስስር ይጠፋል። ከዚህም በላይ አይሶሉሲን ወፈር ያለ ስለሆነ መንገዱን ይዘጋል። የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ነው፤ መድኃኒቱ መግቢያ ያጣል።

ሁለት መውጫ ተገኘ። በ2012 የተፈቀደው ፖናቲኒብ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ አለውና አይሶሉሲኑን ታክኮ ያልፋል። በ2021 የተፈቀደው አሲሚኒብ ግን ሌላ በር መረጠ። ያ ከጀርባ ያለውና ቅባቱ ሲቆረጥ ባዶውን የቀረው ኪስ ትዝ ይላችኋል? አሲሚኒብ የሚገባው እዚያ ነው። የጠፋውን ጫፍ ቦታ ይይዝና ኤብልን መልሶ ያስተኛዋል። እኔ በዚህ መድኃኒት እስካሁን እደነቃለሁ። የዚያን ኪስ ቅርጽ በ2003 ያሳተሙት ሰዎች ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብለው መሐላ አይምሉም ነበር፤ ኤብል እንዴት እንደሚተኛ ማወቅ ፈልገው ነው የሠሩት።

ሁለተኛው ታሪክ ለኔ ይበልጥ ይጥመኛል። በዕድሜዬ ሲጀመርም ሲፈጸምም ስላየሁት ይሆናል።

ክሮሞዞም 11 ላይ ኤምኤልኤል የሚባል ጂን አለ። የሚሠራው ፕሮቲን ትልቅ ነው፤ 4000 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች አሉት። ሥራው ደም የሚወልዱት ሴሎች ገና ጨቅላ ሳሉ የሚያስፈልጓቸውን ጂኖች ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው። ሴሉ ሲያድግ እነዚያ ጂኖች መዘጋት አለባቸው። በአንዳንድ ሉኪሚያ ኤምኤልኤል መሐሉ ላይ ይሰበርና የፊቱ ቁራጭ ከሌላ ፕሮቲን ጭራ ጋር ይገጣጠማል። እስካሁን የታወቁት ተጣማሪዎች ከ80 በላይ ናቸው። ጂኖቹ አይዘጉም፤ ሴሉም አያድግም፤ መቅኔውን እየሞላ ይባዛል። ይሄ ዓይነቱ በጣም የሚከፋው ሕፃናት ላይ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላቸው አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ከሚይዛቸው ሕፃናት ከ10 ወደ 7 ወይም 8 የሚሆኑት ላይ ያለው ይህ ስብራት ነው።

ኤምኤልኤል ዝነኛ የሆነው በመጨረሻው ጫፉ ነበር። እዚያ ጫፍ ላይ፣ ዲኤንኤ የሚጠመጠምበት ሂስቶን የሚባል ፕሮቲን ላይ ኬሚካላዊ ምልክት የሚያደርግ ክፍል አለ። ከደብሊውዲአር5፣ ከአርቢቢፒ5፣ ከኤኤስኤች2ኤል እና ከዲፒዋይ30 ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር ተያይዞ ይሠራል። የሚያምር ጥምረት ነው። በ2019 ናሙናውን አቀዝቅዞ በሚያይ ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ ኑክሊዮዞም (ሂስቶኖች ላይ የተጠመጠመ ዲኤንኤ) ላይ ተቀምጦ ታይቷል። ችግሩ፣ ከሁለት ቁራጭ የተገጣጠመው ውሁድ ፕሮቲን ላይ ይሄ ጫፍ የለም። ስብራቱ ቆርጦ ጥሎታል! የቀረው የፊቱ ነው።

እንግዲህ የኛን ጥያቄ እንጠይቅ። የፊቱ ቁራጭ ማንን ይዟል?

ሜኒንን ነው። ሜኒን ደግሞ ከሌላ ሰፈር የሚታወቅ ፕሮቲን ነው። ጂኑ የተገኘው በ1997 ሲሆን በዘር የሚተላለፍ የዕጢ በሽታ ሲጠና ነው። ሜኒን የጎደላቸው ሰዎች ከጨጓራ ኋላ ባለው ፓንክሪያስ፣ አንገት ላይ ባለው ፓራታይሮይድ፣ አንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ ላይ ዕጢ ያበቅላሉ። እዚያ ሜኒን ጠባቂ ነው። በ2005 ግን አኪሂኮ ዮኮያማ፣ ማይክል ክሊሪና ባልደረቦቻቸው የኤምኤልኤል ሉኪሚያ ያለ ሜኒን መቀጠል እንደማይችል አሳዩ። እዚህ ደግሞ የካንሰሩ ቀኝ እጅ ነው። አሁን «ሜኒን ጥፋተኛ ነው ወይስ ንጹሕ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ምን ትመልሳላችሁ? ጥያቄው ራሱ አያስኬድም። ሜኒን እንደያዘው ነው።

ቅርጹን ማግኘት ቀላል አልነበረም። የሰው ሜኒን ቅርጽ የሌላቸው የሚወዛወዙ ክፍሎች አሉት፤ እንዲህ ያለ ፕሮቲን ክሪስታል ለመሆን እሺ አይልም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ዮላንታ ግሬምቤትስካና ቶማሽ ቺርፒትስኪ ወዴት ሄዱ መሰላችሁ? ወደ ባሕር አኔሞኒ። አበባ የምትመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ ናት። እሷም ሜኒን አላት፤ ቅርጹም በ2011 ወጣ። በዓመቱ የሚንግ ሌይ ቡድን የሰውን ሜኒን ከሚወዛወዘው ክፍል ቆርጦ ቅርጹን አሳተመ፤ ያውም ከያዛቸው ፕሮቲኖች ጋር። እንዲህ ያለውን የዞረ መንገድ አትናቁ። በሙያዬ ካየኋቸው ጥሩ ሥራዎች ብዙዎቹ በቀጥታ መንገድ አልመጡም። የአይጥ፣ የእርሾ፣ የባክቴሪያ ዘመድ እየተፈለገ ነው የተሠሩት።

ሜኒን ሲታይ የታጠፈ ግራ እጅ ይመስላል። ተመራማሪዎቹም ክፍሎቹን መዳፍ፣ አውራ ጣት፣ ጣቶች ብለው ሰይመዋቸዋል። በመዳፉና በአውራ ጣቱ መካከል ጥልቅ ኪስ አለ። እዚያ ኪስ ውስጥ የሚገባው የኤምኤልኤል መነሻ ነው፤ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ። ከነሱም ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፦ 9ኛው ፌኒልአላኒን፣ 10ኛው ፕሮሊን እና 13ኛው ፕሮሊን። 4000 አሚኖ አሲድ ያለው ግዙፍ ፕሮቲን የተያዘው በእነዚህ ነው። ወረቀቱን መጀመሪያ ሳነብ ምስሉ ላይ ብዙ ቆየሁ። አንዳንድ ምስል ከጽሑፉ በፊት ይናገራል።

እዚያው ኪስ ውስጥ ጁንዲ የሚባል ሌላ ፕሮቲንም ይገባል። ሜኒን ጁንዲን ሲይዝ ዝም ያሰኘዋል፤ ኤምኤልኤልን ሲይዝ ግን ያሠራዋል። ኪሱ አንድ ነው፤ ውጤቱ ተቃራኒ። በዚህ ላይ ሦስተኛ አለ፤ ኤልኢዲጂኤፍ። ኤልኢዲጂኤፍ የሚቀመጠው ሜኒንና ኤምኤልኤል በተገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ይነካል። በሌላ ጫፉ ደግሞ ክሮማቲን፣ ማለትም ዲኤንኤና ሂስቶኖቹ፣ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ነው ውሁዱ ፕሮቲን ጂኖቹ ላይ ተተክሎ የሚቀረው።

ስለ ኤልኢዲጂኤፍ አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። የኤችአይቪ ኢንቴግሬዝ የሰው ዲኤንኤ ውስጥ ቫይረሱን ሲያስገባ የሚንጠለጠለው በዚሁ ፕሮቲን፣ ያውም በዚሁ ክፍሉ ነው። ቅርጹ በ2005 ታይቷል። የኤችአይቪ ተመራማሪዎችና የሉኪሚያ ተመራማሪዎች አንድ ፕሮቲን ላይ መገናኘታቸው ይገርማል። ለዚህ ነው ከሙያችሁ ውጭ ያለ ሴሚናር ሲኖር ግቡ የምላችሁ። ሻይና ኩኪስም አለ።

የውሁዱን ሌላ ጫፍ በአጭሩ። ኤምኤልኤል ከሚጣመራቸው ውስጥ ኤኤፍ9 እና ኤኤፍ4 ይገኛሉ። የኤኤፍ9 ጭራ ብቻውን ሲሆን እንደ ተፈታ ፈትል ነው፤ ቅርጽ የለውም። ኤኤፍ4ን ሲያገኝ ግን ሁለቱ ተጠላልፈው አንድ ቅርጽ ይወጣቸዋል። እነሱ ያሉበት ጥምረት ጂን የሚያነበው ማሽን ሳያቋርጥ እንዲያነብ ይገፋዋል። ሆክስኤ9 እና ሜይስ1 የሚባሉት ጂኖች ሳይዘጉ የሚቀሩት በዚህ ነው።

ታዲያ የት ላይ እንግባ? ኪሱ ላይ ነዋ። ፌኒልአላኒኑና ፕሮሊኖቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ትንሽ ሞለኪውል ብናስገባ ኤምኤልኤል ይለቃል። «የፕሮቲንና የፕሮቲን መያያዝ በመድኃኒት አይበጠስም፤ መገናኛው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው» ይባል ነበር። አባባሉ በብዙ ቦታ እውነት ነው። ሜኒን ላይ ግን ጥልቅ ኪስ ነበረ፤ ቅርጹን ያየ ሰው ያውቀዋል። የሚሺጋኖቹ የመጀመሪያ ሞለኪውሎች በ2012 ታተሙ። ደካማ ነበሩ። ከዚያ ማሻሻል፣ አሁንም ማሻሻል ሆነ፤ ሌሎች ቡድኖችና ኩባንያዎችም ገቡበት። በኅዳር 2024፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሬቩሜኒብ የሚባል የሜኒን መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ያ ፈቃድ የኤምኤልኤል ስብራት ላለባቸው፣ በሽታው ላገረሸባቸው ወይም ለሕክምና እምቢ ላላቸው አዋቂዎችና ከአንድ ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ነው።

ውጤቱን ሳላጋንን ልንገራችሁ። ፈቃዱ የተሰጠበት ጥናት 104 ሕመምተኞች ነበሩት። ካንሰሩ ጠፍቶ ደማቸው በሙሉ ወይም በከፊል ያገገመላቸው 21 በመቶ ገደማ ናቸው። ያ እፎይታ የቆየው በመካከለኛ ግምት 6 ወር ተኩል ያህል ነው። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ሌላ አማራጭ ላለቀበት ሰው ግን 6 ወር ማለት የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለማድረግ ጊዜ ማግኘት ማለት ነው። ጋዜጣ ላይ «የሉኪሚያ ፈውስ ተገኘ» የሚል ርዕስ ስታዩ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፦ ከስንቱ ስንት ዳነ፣ ለስንት ጊዜ። ካላገኛችሁ ጋዜጣውን ዝጉት።

መድኃኒቱ የሚሠራበት መንገድም ደስ ይላል። ሴሎቹን በቀጥታ አይመርዛቸውም። ኤምኤልኤል ከሜኒን ሲላቀቅ እነዚያ ጂኖች ይዘጋሉ፤ ጨቅላ ሆኖ የቀረው ሴልም ማደግ ይጀምራል። ብዙ ሴሎች ባንዴ ሲያድጉ ሕመምተኛው ትኩሳትና የትንፋሽ ችግር ሊገጥመው ይችላል፤ ሐኪሞች በቅርብ የሚከታተሉት ለዚህ ነው።

እና እዚህም ሚውቴሽን መጣ። በ2023 የታተመ ጥናት ሬቩሜኒብ ከወሰዱና ክትትል ከተደረገላቸው ሰዎች ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ላይ ሜኒን ራሱ ተለውጦ እንደተገኘ አሳየ። ቦታዎቹን ተመልከቱ፦ 327ኛው ሜቲዮኒን፣ 331ኛው ግላይሲን፣ 349ኛው ትሪዮኒን። ሦስቱም ኪሱ አካባቢ ናቸው። ሲለወጡ መድኃኒቱ ይገፋል፤ የኤምኤልኤል መነሻ ግን እንደ ድሮው ይገባል። መድኃኒቱ ኤምኤልኤል የማይደገፍበትን ጥግ ጭምር ተደግፎ ነበርና ካንሰሩ ያንን ጥግ ለወጠበት። መጥፎ ዜና ነው። በኔ እይታ ግን መድኃኒቱ የሚመታው ሜኒንን እንጂ ሌላ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ካንሰር በማይነካው ነገር ላይ መከላከያ አይሠራም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ምን ልማር ላላችሁኝ፦ ኬሚስትሪ። የሃይድሮጅን ትስስር፣ ውሃ የሚሸሽ ሞለኪውል፣ አሲድና ቤዝ፤ እነዚህን ለፈተና ሸምድዳችሁ የምትረሷቸው ሳይሆን ስትነቁ የምታስቧቸው ይሁኑ። ከላይ ያወራሁት ታሪክ በሙሉ የሁለተኛ ደረጃና የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ነው። ቀጥሎ ትንሽ ፓይተን፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ። ሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች ደግሞ በቅርጻቸው እወቋቸው፤ የቱ ወፍራም፣ የቱ ቀጭን፣ የቱ ቻርጅ አለው። ይሄን በአንድ ወር ትጨርሱታላችሁ። የሚገርመው ሳያውቁት ዶክትሬት የጨረሱ አጋጥመውኛል።

የላቦራቶሪ ሥራ ውሎው እንዴት ነው ላላችሁኝ፦ ብርድ ነው። ፕሮቲን ሙቀት ስለማይወድ በ4 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ጃኬት ለብሳችሁ ኮለም፣ ማለትም ፕሮቲን የሚጣራበትን ቱቦ፣ ስትጠብቁ ትውላላችሁ። ባክቴሪያ ውስጥ ያመረታችሁት ፕሮቲን ሲጣራ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ቱቦው ሥር ይቀመጣል። ክሪስታል አገኘሁ ብላችሁ ትጮሃላችሁ፤ በመርፌ ስትነኩት ጠጥሮ ቷ ይላል፤ ጨው ነው። የፕሮቲን ክሪስታል ሲነኩት እንደ ጭቃ ይፈርሳል። ይሄ ሁሉ አልፎ ሲንክሮትሮን የሚባለው ኃይለኛ የራጅ ማሽን ላይ ተራ ሲደርሳችሁ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች ስክሪኑ ላይ ሲወጡ የሚሰማውን ለማስረዳት አልሞክርም።

አፍሪካ ውስጥ እስካሁን ሲንክሮትሮን የለም። ለኛ ቀረብ የሚለው ዮርዳኖስ ያለው ሴሳሚ ነው፤ በ2017 ተመርቋል። እንዲያም ሆኖ መንገዱ ከኔ ዘመን በጣም ተከፍቷል። ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በ2017 ኖቤል አስገኝቷል፤ ክሪስታል ሳያስፈልግ ትልልቅ ጥምረቶችን ያሳያል። አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ቅርጽ ይተነብያል፤ የሠሩት ሰዎች በ2024 ኖቤል ወስደዋል። ባዮስትራክት-አፍሪካ የሚባል በአፍሪካውያን የተመሠረተ ድርጅት አህጉሪቱ ላይ የዚህን ሙያ ሥልጠና ይሰጣል፤ ማስታወቂያቸውን ተከታተሉ።

አልፋፎልድ አለና የኛ ሙያ አበቃለት የሚሉ አሉ። ለኤምኤልኤል የሚሰጠውን ትንበያ እዩት። ጥቂት የተሠሩ ክፍሎች አሉት፤ የቀረው አብዛኛው ብርቱካናማና ቢጫ ውትብትብ ነው። ቀለሙ «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ነው። ፕሮግራሙ አልደከመም፤ ፕሮቲኑ ብቻውን ሲሆን ቅርጽ የለውም። ቅርጽ የሚያገኘው ማንን ሲይዝ ነው? ያ ገና የሰው ሥራ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ «ማሽን ስለሌለን ምንም አንሠራም» አትበሉ። የኛ ሕመምተኞች ኢማቲኒብ እምቢ ሲላቸው ቢሲአር-ኤብል ላይ የትኛው ቦታ እንደተለወጠ ማወቅ ትልቅ ሥራ ነው፤ የጥቁር አንበሳ ሐኪሞችም ከውጭ ባልደረቦች ጋር ጀምረውታል። 315ኛው ቦታ የተለወጠበትና ሌላ ቦታ የተለወጠበት ሰው የሚወስዱት መድኃኒት አንድ አይደለም። የደም ናሙና፣ ሲኩዌንሲንግ (የጂን ቅደም ተከተል ማንበብ)፣ ኮምፒውተርና ቅርጽ ማንበብ የሚችል ሰው ካለ ይሠራል።

ውጭ አገር ለዶክትሬት የምታመለክቱ ደግሞ የፕሮፌሰሩን ስም ብቻ አትዩ። ከሱ ላቦራቶሪ የወጡ ተማሪዎች አሁን የት እንዳሉ ጠይቁ። አንድ ሁለቱን በኢሜይል አግኟቸው፤ በጽሑፍ የማይሉትን በስልክ ይሏችኋል። ዝነኛ ሰው ሥር ተቀምጦ ሳይታይ ከመቅረት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ በእጃችሁ መሥራት ይሻላል እላለሁ። ይሄ የኔ ሐሳብ ነው፤ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ።

ገንዘቡስ? ብላችኋል። በተማሪነት ኪራይ ከፍላችሁ ትንሽ ይተርፋችኋል፤ ቤተሰብ ለመርዳት ግን አይበቃም። ለወላጆቻችሁ ይሄን ቀድማችሁ ንገሩ። ከዚያ በኋላ ኩባንያ የገባ ጥሩ ይኖራል።

ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ አትጨነቁ። ፕሮቲን ዳታ ባንክ በ1971 በ7 ቅርጾች ተጀምሮ ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል፤ ሁሉም በነጻ ነው፤ ማንም መታወቂያ አይጠይቃችሁም። ሞል-ስታር የሚባለው መመልከቻ ድረ ገጹ ላይ በቀጥታ ይከፈታል፤ ስልክም ላይ ይሠራል። በእንግሊዝኛ ሜኒንና ኤምኤልኤል ብላችሁ ፈልጉ። ኪሱ ውስጥ የገባችውን 9ኛዋን ፌኒልአላኒን አግኙና ዙሪያዋን ማን ማን እንደከበባት ጻፉ። ከዚያ ሬቩሜኒብ ያለበትን የሜኒን ቅርጽ ክፈቱና 327ኛው ሜቲዮኒን ከመድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። የመምረጫውን ምልክት ከፍታችሁ አንዱን አቶም ከዚያ ሌላውን ንኩ፤ ከዚያ መለኪያው (Measurements) ውስጥ ርቀት (Distance) የሚለውን ምረጡ።